አዳራሹ ስንት ያስወጣናል?

(የአዳራሽ አሠሪ ኮሚቴው ለዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ያሰማው ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን ወገኖቻችንን እናስባለን። ለክርስቲያኑ ነፍስ ይማር፣ ለእስላሙ አላህ ይዘንለት እንላለን። አብረውን ቁጭ ብለው ስለዚሁ አዳራሽ ሲከራከሩ የነበሩ፣ ዛሬ ግን ቦታቸው ባዶ የሆነ አሉ። እኛም ዛሬ የምንናገረው እነርሱን ጭምር እያሰብን ነው።

እንደምታስታውሱት የአዳራሹ ነገር ተጠንስሶ የወጣው በ2014 ዓ.ም. ክረምት ነው። አንድ አባላችን ዐርፎ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። ሟች በኪራይ ቤት ይኖር ስለ ነበረ ግቢው ድንኳን አያስተክልም፤ ስለዚህ ድንኳኑን መንገድ ዳር ተከልነው። ሌሊት ዝናቡ ወረደ። ጎርፉ ከላይ መጥቶ በድንኳኑ ሥር ሲገባ ለቀስተኛው እግሩን አግዳሚ ላይ ሰቅሎ አደረ። ሐዘንተኞቹ የጎረቤት ማድ ቤት ገቡ። በማግሥቱ ጧት ሸራውን እየጨመቅን ሁላችንም በአንድ ቃል፣ «ከእንግዲህስ ይበቃል፤ እኛም እንደ ሰው አዳራሽ ይኑረን» አልን። የተቃወመ አንድም አልነበረም። ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴም ያን ሰሞን ተመረጠ።

ዛሬ መለስ ብለን ስናየው፣ ያን ዕለት የተናገርነው በልብ እንጂ በሒሳብ አልነበረም። ልብ መናገሩ መልካም ነው። ሒሳቡ ግን በኋላ መጣና እንቅልፍ ነሳን።

እስቲ ሒሳቡን ሳንደባብቅ እናስቀምጠው። የዕድራችን አባል 340 ቤተሰብ ነው። እያንዳንዱ በወር 100 ብር ያዋጣል፤ በዓመት 408,000 ብር ይሆናል። ባለፈው ዓመት 19 ሐዘን ደርሶብናል። አባል ወይም የአባል ባለቤት ሲሞት 15,000 ብር፣ ወላጅ ወይም ልጅ ሲሞት 8,000 ብር እንከፍላለን። በዚህ መሠረት 215,000 ብር ወጪ ሆነ። ድንኳን ለማሳደስ፣ የተሰበረ ወንበር ለመተካትና ለጋሪ 62,000 ብር፣ ለጥሩምባ ነፊው፣ ለዕቃ ጠባቂውና ለድንኳን ተካዮች 84,000 ብር ወጣ። የተረፈን 47,000 ብር ነው።

አዳራሹስ? በ2014 ዓ.ም. ባለሙያ አምጥተን 12 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ የሆነ አዳራሽ ብናስገምት 2,040,000 ብር ተባለ። ለእያንዳንዱ አባል ሲካፈል 6,000 ብር ማለት ነው። ያን ጊዜ «ውድ ነው፣ ትንሽ እንይ» ብለን አቆየነው። እኛ ስናይ ዋጋው አላየንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከ58 ብር በታች የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ፌሮው፣ ቱቦላሬው፣ ቆርቆሮው ሁሉ ተከትሎት ሄደ። በዚያ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ዘንድሮ ያንኑ ፕላን ለዚያው ባለሙያ ብንሰጠው 4,250,000 ብር ብሎ መለሰልን። ለአንድ አባል 12,500 ብር ይደርሳል።

በዓመት ከሚተርፈን 47,000 ብር እንሥራው ብንል 90 ዓመት ይፈጃል። ያን ጊዜ አዳራሹን የሚመርቁልን የልጅ ልጆቻችን ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ክርክሩ ተነሣ። ክርክሩም በስብሰባ ብቻ አልቀረም። በቡና ቤት፣ በገበያ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ መልስ፣ ድንኳን ስንተክልና ስንነቅል ሳይቀር ተከራክረናል። እኛም ኮሚቴዎቹ የሰማነውን ሁሉ በደብተር ጽፈናል። ሐሳቡ ተጨምቆ ሲታይ ሦስት ወገን ነው።

የመጀመሪያዎቹ በዕድሜ የገፉት አባቶቻችን ናቸው። «ለቅሶ ከሟች ደጅ አይወጣም» ይላሉ። «ሰው የሚለቀሰው በኖረበት፣ በገባበትና በወጣበት ደጅ ነው። አዳራሽ ወስዳችሁ ብታለቅሱለት እንደ ስብሰባ ይሆናል» ይላሉ። ከነዚህም አንዳንዶቹ አዳራሽ የሚለውን ቃል ራሱን አይወዱትም። ለምን ቢባል፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ በኋላ ቀበሌ ሲቋቋም፣ አዳራሽ ማለት ተጠርቶ የሚኬድበት፣ ቀርቶም የሚያስጠይቅ ቦታ ሆኖ ነበር። ያንን ያዩ ሰዎች ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም።

ሁለተኛዎቹ ወጣቶቻችን ናቸው። «እንሥራ ካልን በደንብ እንሥራ» ይላሉ። «አዳራሹ ለለቅሶ ብቻ ለምን ይሆናል? ለሠርግ፣ ለስብሰባ፣ ለሥልጠና ይከራያል፤ ወጪውን ራሱ ይመልሳል። ዛሬ ያላሠራ ሰው በሚመጣው ዓመት እጥፍ ይከፍላል» ይላሉ። ይኸም እውነት አለው። ከ2014 ዓ.ም. እስከ ዘንድሮ የሆነውን ያየ ሰው ሊክዳቸው አይችልም።

ሦስተኛዎቹ ደግሞ፣ «በባንክ 780,000 ብር ተቀማጭ አለን፤ ገንዘቡ ቁጭ ብሎ ዋጋው ከሚያልቅ ወደ ብረትና ሲሚንቶ እንለውጠው» የሚሉት ናቸው። እኛም ከኮሚቴው ሦስታችን መጀመሪያ ላይ ከነዚህ ጋር ነበርን። ይኸንን ስንናገር አናፍርም።

ነገር ግን የሒሳብ መዝገቡን ወደ ኋላ ስንገልጥ ካቻምና 31 ሐዘን ደርሶብን እንደ ነበረ አየን። በዚያ ዓመት ለሐዘንተኞች ብቻ 374,000 ብር ከፍለናል። ሌላው ወጪ ተደምሮ 520,000 ብር ሆነ። ከመዋጮው በላይ የወጣው 112,000 ብር ከተቀማጩ ነው የተሸፈነው። ተቀማጩ ባይኖር ኖሮ በዓመቱ መጨረሻ ለሞተበት ሰው ምን ልንለው ነበር? «ታገሥ፣ ገንዘብህ ብሎኬት ሆኗል» እንለው ነበር? ዕድር ሰው በሞተ ሌሊት በር አንኳኩቶ ገንዘብ የሚያደርስ እንጂ ግድግዳ የሚያሳይ አይደለም። ስለዚህ ተቀማጩ አይነካ አልን። ሦስታችንም ሐሳባችንን አነሣን።

ከዚያ የቀረው መንገድ ከአባል መሰብሰብ ነው። እኛም 12,500 ብሩን በ2 ዓመት ተከፋፍሎ የሚከፈል አድርገን፣ ያልከፈለ እንደማንኛውም መዋጮ ይቆጠርበት የሚል ረቂቅ ይዘን በየካቲቱ ስብሰባ ቀረብን። ረቂቁን ስናነብ አብዛኛው ሰው ዝም አለ። ዝምታውን እኛ እንደ ስምምነት ቆጠርነው።

ያን ጊዜ ነው አንዲት እናታችን ከኋላ ተነሥተው የጠየቁን። እኚህ እናት በዚህ ዕድር 27 ዓመት ኖረዋል። በየለቅሶው ንፍሮ ቀቅለው፣ ቡና አፍልተው፣ ዕቃ አጥበው ያላስተናገዱት ቤት የለም። ነጠላቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ ያነበባችሁት ሁሉ መልካም ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ እኔ አባል እሆናለሁ ወይስ አልሆንም?»

ከመካከላችን አንዱ፣ «እንዴ፣ እማማ! ምን ነክቶዎት ነው? ለምን አይሆኑም?» አላቸው።

እሳቸውም፣ «መቶ ብሩን የምከፍለው እንጀራ ጋግሬ ነው። ባለፈው ጾም ሁለት ወር አልፎብኝ ተቀጥቼ ነው የከፈልኩት። የምትሉትን አልችለውም። ታዲያ ስድስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ብላችሁ ጽፋችኋል። ሃያ ሰባት ዓመት የሰው ሬሳ ሸኝቼ እኔን ማን ይሸኘኛል ብዬ ነው» ብለው ተቀመጡ።

መልስ አልነበረንም። ስብሰባውን በይደር ዘጋነው። በዚያው ሰሞን የመዋጮ መዝገቡን ይዘን ስም በስም ተመለከትን። ከ340ው ቤተሰብ 58ቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ውዝፍ አለባቸው። ከነዚህ ውስጥ 41ዱ ተከራዮች ናቸው። 12,500 ብር ለነዚህ ሰዎች የ10 ዓመት ከ5 ወር የወር መዋጮ ነው። ባወጣነው ረቂቅ መሠረት ብንሄድ ኖሮ ከ2 ዓመት በኋላ አዳራሽ ይኖረን ነበር፤ ከዕድሩ ውስጥ ግን ምናልባት ስድስተኛው እጅ ውጭ ይቀር ነበር። እኛ አዳራሹ ስንት ብር ያስወጣናል ብለን ስናስብ፣ ስንት ሰው ያስወጣብናል ብለን አልጠየቅንም ነበር።

ሌላም ነገር አገኘን። ባለፈው ዓመት ከደረሱት 19 ሐዘኖች በ7ቱ ድንኳኑ የተተከለው መንገድ ላይ ነው። ሁሉም ተከራዮች ናቸው። በሁለቱማ አከራይ፣ «በግቢዬ ለቅሶ አይቀመጥም» ብሎ ሐዘንተኛ ሌላ ሰፈር ወደ ዘመድ ቤት ሄዶ ነው የተለቀሰው። የራሱ ግቢ ላለው ሰው ድንኳኑ ይበቃዋል፤ አባቶቻችን እንዳሉትም በደጁ ይለቀስለታል። አዳራሹ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ደጅ ለሌለው ነው። ደጅ የሌለው ደግሞ 12,500 ብር የለውም።

ወገኖቻችን! ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። «አይሠራ» ካልን ተከራዩን ጎርፍ ላይ ተውነው። «እንደ ረቂቁ ይሠራ» ካልንም ተከራዩን ከዕድር አስወጣነው። ሁለቱም አያዋጣም። ስለዚህ ረቂቁን ቀድደን እንደገና ተቀመጥን። ዛሬ የምናቀርብላችሁም አዲሱን ሐሳብ ነው።

አንደኛ፣ አዳራሹ በደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ መሠረቱ፣ ወለሉ፣ የብረት ቋሚዎቹና ጣራው ይቆማሉ። ግድግዳውና በሩ ወደ ፊት ዐቅም ሲገኝ ይሞላል። እስከዚያው ድረስ ዙሪያውን ባለን የድንኳን ሸራ እንጋርደዋለን። ጣራና ደረቅ ወለል ካለ ጎርፉ አይደርስብንም፤ ዋናው ችግራችንም እርሱ ነው። ከዚህ ጋር የዕቃ ቤት፣ ሁለት ማድ ቤትና መጸዳጃ ይሠራል። የዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ወጪ 1,700,000 ብር ተገምቷል።

ስለ ማድ ቤቱ አንድ ቃል እንበል። ወጪ ለመቀነስ «አንድ ማድ ቤት ይበቃል» ያሉ ነበሩ። በቡታጅራችን እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ዕድር ተቀምጦ፣ ሥጋው ለየብቻ ተበልቶ፣ ሐዘኑ ግን አንድ ላይ ሲለቀስ ነው የኖረው። ዛሬም ድስቱና ሰሃኑ በየራሱ ነው። አንዱን ማድ ቤት ብናስቀር የምናተርፈው ገንዘብ አለ፤ የምናጣው ግን ከዚያ ይበልጣል። ሁለቱም ይሠሩ ብለናል።

ሁለተኛ፣ ወጪው በአራት መንገድ ይሸፈናል። እያንዳንዱ አባል ለ24 ወር በወር 50 ብር ይጨምራል፤ ይኸ 408,000 ብር ይሆናል። ዐቅም ያለው በፈቃዱ ይሰጣል። እስካሁን እዚህ ካሉት አባሎችና አዲስ አበባና ውጭ አገር ካሉት ልጆቻችን ቃል የተገባው፣ የድንጋይና የጠጠር ስጦታ ተገምቶ ሲጨመር፣ 870,000 ብር ደርሷል። መሠረት ቁፋሮውንና የድንጋይ ማቀበሉን ሥራ በተራ በጉልበታችን ብንሠራው 190,000 ብር ይቀንስልናል። ይኸ ሁሉ ተደምሮ 1,468,000 ብር ነው። የጎደለን 232,000 ብር ነው። ይኸን አንደብቃችሁም። ሠርግ ላለው በማከራየት፣ በበዓል ቀን በመለመንና ሥራውን ቀስ በማድረግ እንሞላዋለን ብለን እናስባለን። እግዜር ካለ ይሞላል፤ ካልሞላም ጣራውን በሁለት ክረምት እንከድነዋለን።

አንዳንዱ፣ «ሀብታሙ ብዙ፣ ድኻው ጥቂት እንዲከፍል በደረጃ ይጻፍ» ብሎ ነበር። አልተቀበልነውም። ዕድር ውስጥ ሁሉም እኩል ነው፤ ለሁሉም ያው ድንኳን ነው የሚተከለው፣ ያው ጥሩምባ ነው የሚነፋው። ሰውን በኪሱ መዝግበን፣ «ይኸ ድኻ ነው» ብለን ለምን በጽሑፍ እናሳፍረዋለን? አምሳ ብሩ የሁሉም ነው። ከዚያ በላይ የሚሰጠው ሰው ስሙ በሒሳብ መዝገብ ይጻፋል እንጂ በግድግዳ አይለጠፍም።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ በላይ አጥብቀን የምንለምናችሁ ይኸንን ነው። የሕንፃ መዋጮ ያልከፈለ ሰው በምንም ምክንያት ከዕድር አይሰረዝ። መዋጮው በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ከቀብሩ ገንዘብ ጋር አይቀላቀል። አምሳ ብሩን ያልቻለ በጉልበት ይሥራ፤ ጉልበት የሌለው ይማር። ይኸ ነጥብ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ እንዲገባ ድምፅ እንድትሰጡበት ነው የምንጠይቀው። ኮሚቴ ይለወጣል፤ ነገ የሚመጣው ኮሚቴ እንደ እኛ ተቸኩሎ ረቂቅ ሊያወጣ ይችላል። ደንብ ግን ይኖራል።

አራተኛ፣ ኪራዩን በተመለከተ፣ አዳራሹ ለሠርግና ለስብሰባ ይከራያል። ሆኖም ሐዘን በደረሰ ጊዜ ሐዘን ይቀድማል። ተከራዩም ይኸንን አውቆ ይፈርማል፤ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ድንኳኑም በነጻ ይሰጠዋል። «ታዲያ ሙሽራ በድንኳን ይሁን?» የሚል ይኖራል። እኛ ሁላችን በዳስ አይደለም እንዴ የተዳርነው?

በደጁ ይለቀስልኝ የሚል ቤተሰብም መብቱ ነው። ድንኳኑ አይሸጥም፣ ጥሩምባውም አይቀርም። አዳራሹ ለሚፈልገው ነው እንጂ ማንም ተገዶ አይመጣበትም። ይኸን የምንለው በተለይ ለአባቶቻችን ነው።

ጊዜ ግን የለንም። መሬት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት እንደ ተጻፈው የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በከተማ ቦታ ሕግም ቦታ የተሰጠው ሰው በተወሰነለት ጊዜ ግንባታ መጀመር አለበት፤ ካልጀመረ ሊነጠቅ ይችላል። የተሰጠን ቦታ አጥር ብቻ ሆኖ ከቆየ ነገ ለሌላ ቢሰጥ ማንን እንወቅሳለን? በደረጃ መጀመሩ ለዚህም ይጠቅመናል። መሠረቱ ከወጣ፣ ዕድሩ በቦታው ሥራ ላይ መሆኑ በዐይን ይታያል።

«ይኸ ሁሉ ሕዝብ በመዋጮ ምን ይሠራል?» ለሚል ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከዓለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ወላጆቻችን ድርጅት አቋቁመው ገንዘብ አዋጥተዋል። አዲስ አበባ በየሱቁና በየገበያው የነበረውም ወገናችን ከላቡ አዋጥቷል። ዛሬ ሐዘንተኛ ከአዲስ አበባ በጥቂት ሰዓት የሚደርስልን በዚያ መስመር ነው። በዚያ መንገድ ላይ ስንሄድ ማን ስንት እንዳዋጣ የሚጠይቀን የለም፤ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ይሄድበታል። አዳራሻችንም እንደዚያ እንዲሆን ነው የምንመኘው።

ባለፈው ሳምንት ወደ እናታችን ቤት ሄደን አዲሱን ሐሳብ ነገርናቸው። ቡና አፈሉልን። ጨርሰን ስናበቃ፣ «አምሳዋን እችላታለሁ። ቁፋሮው ላይ ደግሞ ለሠራተኛው ቡናና ቆሎ ከእኔ ይሁን» አሉን። ከዚያም ሳቅ ብለው፣ «ግድግዳ የለውም ነው ያላችሁት? ይሁን፤ ለቀስተኛ ሲበዛ ግድግዳ ይሆናል» አሉ።

እንግዲህ የተከበራችሁ አባሎች፣ ሐሳቡ ይኸ ነው። አራቱን ነጥብ አንድ በአንድ እናነባለን፤ እናንተም በእያንዳንዱ ላይ እጃችሁን ታነሣላችሁ። የምትቃወሙም ተናገሩ፤ ዝምታን ከእንግዲህ እንደ ስምምነት አንቆጥርም። ድምፁ የሚጀመረው ከሦስተኛው ነጥብ እንዲሆን እንለምናለን። እርሱ ካለፈ የቀረው የብርና የሲሚንቶ ጉዳይ ነው፤ የብርና የሲሚንቶ ጉዳይ ደግሞ አንድ ላይ ለሆነ ሰው ቀላል ነው።

 ክፉ አይንካን።